«ሙቀቱ ነው» እያልኩ ያራቅሁት አልጋ

ይህን የምታነበው ወንድ ከሆንክ፣ ዕድሜህ ከአርባ ካለፈ፣ ሆድህም ካንተ ቀድሞ በር የሚገባ ከሆነ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ። ሴት ከሆንሽ ደግሞ አንብበሽ ስትጨርሺ የሰውየሽ ትራስ ላይ ጣል አድርጊለት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ስለ ወንድ ሆርሞን ለማውራት ያለኝ የምስክር ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ የራሴው ጠፍቶብኝ ነበር፣ ተመለሰ። እሱ ሲመለስ ያልተመለሰም ነገር አለ። እዚያ ስደርስ ቀልዴን ካቆምኩ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሰው ሁሉ «ሼፍ» ይለኛል። በባቡር ቤት ቋንቋ ሼፍ ማለት የጣቢያ ሹም ነው። እኔ ሹም ሆኜ አላውቅም። አንድ ቀን የሹሙን ኮፍያ ለቀልድ አድርጌ ከቢሮ ብወጣ መንገደኛው ሁሉ «ሼፍ፣ ባቡሩ መቼ ይመጣል?» አለኝ። ኮፍያውን መለስኩ፤ ስሙን ግን አልመለስኩም። ሚስቴ ሙሉነሽ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። «አንተኮ ከሹመቱ ስሙን፣ ከሥራው ወንበሩን ብቻ ነው የምትወደው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ወንበሩ በኋላ ምን እንዳደረገኝ ታያላችሁ።

አዋሽን የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ሙቀቱ ሲጀምር ቤት ውስጥ መተኛት አይቻልም። የጣቢያው ሰፈር ሰው ሲመሽ የሽቦ አልጋውን እየጎተተ ግቢ ያወጣል። ባልና ሚስት ሁለት አልጋ ያጋጥሙና አንድ አጎበር ከላይ ይወጥራሉ። አጥሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ የማን አልጋ ከማን እንደገጠመ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አልጋ የተለያየ ዕለት ጎረቤት «እንዴት አደራችሁ?» ሲል ድምፁ ሌላ ነው። የኔና የሙሉ አልጋ ሃያ ስድስት ዓመት ተለያይቶ አያውቅም። መሃል ባለው ክፍተት ላይ ብረቱ እንዳይቆረቁራት ነጠላዋን አራት እጥፍ አጥፋ ታነጥፍበት ነበር። እጇ እዚያ ላይ ያድራል።

ባቡሩ እየሳሳ ሄደ። በሳምንት የሚመጣው በወር፣ በወር የሚመጣው በተስፋ ሆነ። በዚያን ጊዜ አውራው ነገር የጅቡቲ መንገድ ነበርና እኔም እንደ ሰው ወደ ሰመራ ወረድኩ። የአፋር ክልል መሥሪያ ቤቶች ከአሳይታ ወደ ሰመራ እየመጡ፣ አስፋልቱ ዳር በየቀኑ አዲስ ቆርቆሮ የሚመታበት ጊዜ ነው። በአንድ የጭነት መኪና ማቆሚያ ተራ መዝጋቢ ሆንኩ። ሾፌር በቀን ሙቀት መንዳት ስለማይወድ መኪኖቹ የሚገቡት ሲመሽ ነው፤ ሥራዬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ንጋት ነበር። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጭነት መኪና ላይ ተጭኜ አዋሽ እመለሳለሁ።

አኗኗሬን ሳልደብቅ ልናዘዝ። ንጋት ላይ ከሾፌሮች ጋር ፓስታ በሥጋ እበላለሁ። ቆርቆሮ ቤቴ ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል በላብ እጠበሳለሁ፤ እንቅልፍ አልለውም። ከቀትር በኋላ ጫት። ከጫቱ ጋር ለስላሳ፣ ከለስላሳው ጋር ሻይ፤ የኔ ሻይ ውስጥ ማንኪያ ሳይደገፍ ይቆማል። የጫቱን ምርቃና ለመስበር ደግሞ ጨብሲ፣ ማለትም ቢራ። ከዚያ ወደ ወንበሬ። በቀን ውስጥ የምሄደው ረጅሙ መንገድ ከወንበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ነበር፤ እሱንም እያማረርኩ። በሁለተኛው ዓመት ቀበቶዬ ቀዳዳ ጨረሰ፤ በምስማር አዲስ በሳሁለት። ሆዴን እየደበደብኩ «ሰመራ ተስማምታኛለች» እላለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ድካም ነው። ተኝቼ ስነሳ ድንጋይ ስጭን ያደርኩ ይመስለኛል። ቀጥሎ ጢሜ ቀነሰ። በሁለት ቀን የምላጨው ሰው ሳምንት ይበቃኝ ጀመር፤ እኔ ሞኙ ምላጭ ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጡቴ ላይ ሥጋ መጣ። ሬዲዮ ላይ የጠፋ ልጅ ሲፈለግ እሰማና እንባዬ ይወርዳል። በመጨረሻ፣ በአልጋ ነገር፣ እንደ ባቡራችን ሆንኩ፤ ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ የሚመጣ ነገር የለም። ፍላጎቱ ራሱ ጠፋ። ረሃብ የጠፋበት ሰው ምግብ ሲያይ እንደሚሆነው ነበርኩ።

ክሊኒክ ሄድኩ። በአዋሽ ሸለቆ ክሊኒክ የገባ ሰው ወባ ወይም ታይፎይድ ሳይባል አይወጣም። መጀመሪያ ወባ አሉኝ፣ ዋጥኩ። ቀጥሎ ታይፎይድ አሉኝ፣ ተወጋሁ። ሦስተኛው «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተው» አለኝ። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። «ይደክመኛል» ብቻ ነበር የምላቸው፤ ዋናውን አልተናገርኩም። ለሌለብኝ ወባ ስንት እሬት የዋጥኩ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ማውጣት አቃተኝ።

ሾፌሮች ግን ሳልነግራቸው ገባቸው መሰለኝ። አንዱ ከጅቡቲ ያመጣውን ዘይት የመሰለ መርፌ ሰጠኝ፤ «ሞተር ማስነሻ» ይሉታል። ተወጋሁ። ለሁለት ሳምንት ወይፈን ሆንኩ፤ ግን ሰመራ ነኝ፣ ሙሉ አዋሽ ናት። ፈቃድ አግኝቼ ስደርስ ሞተሩ ጠፍቷል፤ ከበፊቱም ባሰ።

ያን ዕለት ነው አልጋዬን ያንቀሳቀስኩት። አንድ ስንዝር ብቻ።

«ምነው?» አለች ሙሉ።

«ሙቀቱ ነው።»

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ክንድ። በሚቀጥለው ኒም ዛፉ ሥር።

«ሼፍ፣ ይሄ ሙቀት አንተን ብቻ ነው እንዴ የሚያውቀው?» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነጠላዋን ግን እንደ ድሮው አራት እጥፍ አጥፋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አነጠፈችው። ከጎኑ ምንም አልነበረም፤ አየር ነበር። አይቻለሁ። ፊቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ።

ሰፈሩ ማየት አያቅተውም። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል «ሼፍ፣ ሰመራ ቤት ሠራህ አሉ፤ ባዶ ቤት ደግሞ አይሠራም» አለኝ። ዝም ብዬ ዓይኔን ጠቀስኩት። ጠቀስኩት እላችኋለሁ። ሰውየው በአድናቆት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ የመሰልኩት ያን ጊዜ ነው። የማይችል ከምባል የሚማግጥ መባልን መረጥኩ። ከወንድ ተራ ከምወጣ ከባልነት ተራ ብወጣ ቀለለኝ። ሞኝነት መለኪያ ቢኖረው ኖሮ የኔ ንባብ ለሕክምና ተማሪዎች ይታይ ነበር።

በዚህ አላቆምኩም። ሰመራ ላይ የሴት ሽቶ ገዛሁና አዋሽ ከመድረሴ በፊት ሸሚዜ ላይ ረጨሁ። እኔው ራሴ እያስነጠስኩ ደረስኩ።

«ሸሚዝህ ይሸታል» አለች።

«ላብ ነዋ።»

«ላብህንማ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አጥቤዋለሁ።»

ሸሚዙን ወስዳ አጠበችው። ደርቆ አሸተተችውና እንደገና አጠበችው።

ከወር በኋላ ሰመራ ሳለሁ ሙሉ ስልክ ደወለች። መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቷል፤ በመስኮቱ መኪኖች ሲገቡ አያለሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ከዚያ አልጠይቅህም» አለች።

«ጠይቂ።»

«ስሟ ማን ነው?»

በዚያች ደቂቃ ልለው እችል ነበር። «ማንም የለም፣ ሙሉዬ፣ ታምሜ ነው» ማለት ስንት ትንፋሽ ይወስዳል? በመስኮቱ ሳይ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ገባ። መከላከያው ላይ ሾፌሩ የልጁን ስም በቀይ ቀለም ጽፎበታል።

«ገነት» አልኳት።

«ጥሩ ስም ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

አዋሽ ስመለስ ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፉን ጎረቤት ሰጠኝ። ሸሚዞቼ ተተኩሰው ተደርድረዋል። የኔ አልጋ ከኒሙ ሥር ተነስቶ ቤት ገብቷል፤ የእሷ ታጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ድሬዳዋ እህቷ ጋ ሄዳለች። «እግዜር ከገነት ጋር በሰላም ያኑረው በለው ብላኛለች» አለኝ ጎረቤቴ፣ ዓይኑን እየሸሸኝ። አሁን መጥቀስ የለም።

ሰመራ ተመልሼ ሦስት ቀን አለቀስኩ። የማቆሚያው ዘበኛ ዓሊ ያን ጊዜ ነው ያገኘኝ። ዓሊ አፋር ነው፣ የኔው እኩያ፤ ግመሎቹን ለወንድሞቹ ትቶ መኪና የሚጠብቅ። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አይለያይም፤ ያየኸውንና የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ መናገር ማለት ነው። ከዓሊ ጋር ሁልጊዜ ዳጉ ስንለዋወጥ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጅቡቲ እነግረዋለሁ፤ ስለ ራሴ «ሰላም ነው» እላለሁ። ያን ቀን አጠገቤ ቁጢጥ አለና ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ሼፍ፣ ዳጉህ ጎዶሎ ነው» አለኝ። «ዓይንህ ሌላ ያወራል።»

ነገርኩት። አልጋውን፣ መርፌውን፣ ሽቶውን፣ ስሙን። አልሳቀም።

«ኮርማ ግመል ሲሰንፍ እኛ ምን እናደርጋለን መሰለህ?»

«ትሸጡታላችኋ።»

«ምን እንደበላ፣ የት እንደተኛ እናያለን። አንተን አየሁህ። ቅጠል ትበላለህ፣ ስኳር ትጠጣለህ፣ አትተኛም፣ አትሄድም። ግመሌን እንዳንተ ባደርገው ይወልዳል እንዴ? ተነስ፣ ሐኪም ቤት።»

ሦስት ክሊኒክ ያላየውን ዘበኛ አየው።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለኝ ነርስ መጀመሪያ ለደም ምርመራ ላከኝና ረጅም አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ማራገቢያ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ወደ ግድግዳው ዞሯል። የላቦራቶሪው ልጅ ብቅ ብሎ «የወንድ ሆርሞን ምርመራ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። አልተነሳሁም። ደገመው። ጣሪያውን አየሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አፋር እናት በክርናቸው ነካ አደረጉኝና በተሰባበረ አማርኛ «አንተን ነው፤ እኛኮ ሁላችን ሴት ነን» አሉኝ። ዞር ብዬ ባይ እውነትም አግዳሚው ሙሉ ሴት ነው። ሰርቼ የተደበቅሁበት ጫካ አንድ ዛፍ አልነበረውም። ማንም ግን አልሳቀብኝም። እኒያ እናት ዕቃዬን ያዙልኝ፤ ስመለስ ቦታዬን ጠብቀው፣ ማራገቢያውን ወደኔ አስዙረው ቆዩኝ። ያን ጊዜ አመስግኜአቸው እንደሆነ አላስታውስም፤ አሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ለእሷ ስናገር ጠረጴዛውን ነበር የማየው።

«ጋሼ፣ ሻይ ስንት ማንኪያ ስኳር ያደርጋሉ?»

«ሻዩን ነው ስኳሩ ውስጥ የምጨምረው።»

ፈገግ ብላ ጻፈች። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ጫት፣ ስለ ቢራ፣ ስለ መርፌው ጠየቀችኝ። ከዚያ ያን ቀን የተወሰደውን ደም አልቀበልም አለች። የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስቴሮን የሚሉት፣ ጠዋት ከፍ ቀን ዝቅ ስለሚል በጠዋት፣ ያውም ሌሊቱን ለተኛ ሰው ነው የሚለካው። «ተኝተው ይምጡ» አለችኝ። ሌሊት ሥራ አድሬ ብመጣ መለሰችኝ። በሁለት የተለያዩ ጠዋቶች ተለካሁ፤ ሁለቱም ዝቅ ያለ ነው። ደሜ ውስጥ ስኳርም ተገኘ።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ሆርሞን ሰውነት በደም በኩል የሚልከው ትእዛዝ ነው። በባቡር ቤት ቋንቋ ተረጎምኩት፤ ከዋናው ጣቢያ የሚደወል ስልክ ነው፣ ካልተደወለ ደህናው ባቡርም ይቆማል። ትእዛዙ በብዛት የሚሠራው ሰው ሲተኛ ነው፤ እኔ ደግሞ አልተኛም። ሆድ ላይ የተከመረ ስብ የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴቷ ሆርሞን ይለውጠዋል፤ ጡቴ የመጣው ከዚያ ነው። ስኳሩና ቢራው ያግዙታል። መርፌውን ስትሰማ ግን ፈገግታዋ ጠፋ። «ከውጭ ሲመጣለት ሰውነት የራሱን መሥራት ያቆማል፣ ጋሼ። ሁለተኛ እንዳይነኩት» አለች። ገባኝ። ተተኪ ሲመጣለት ቤቱ የሚተኛ የጣቢያ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ እኔ ነበርኩ።

«መድኃኒቱስ?» አልኳት።

«የስኳሩን እሰጥዎታለሁ። የሌላውን መድኃኒት አሁን አልሰጥም። ሌሊት ይተኙ፣ ጫቱንና ለስላሳውን ይተዉ፣ ሆድዎን ያጉድሉ፣ ይሂዱ።» ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች። «ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

ለዚህኛው ጥያቄ ቀልድ አልመጣልኝም።

የቀን ሥራ ለምኜ ተቀየርኩ። ጫት ስተው ሁለት ሳምንት ከግድግዳ ጋር ተጣላሁ። ፓስታው በምስርና በጎመን፣ ለስላሳው በውኃ ተተካ፤ ዓሊ ስኳር ያልነካው የግመል ወተት ያመጣልኛል። ገና ጎህ ሲቀድ ከሰመራ ወደ ሎግያ በሚወስደው መንገድ እንሄዳለን። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት የስልክ እንጨት ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ግመሌ ስትወልድ እንኳ እንዲህ አታቃስትም» ይላል ዓሊ ሳይቆም።

በወሩ ሎግያን በሩቅ አየኋት። በስድስት ወር ሎግያ ደርሼ ሻይ ጠጣሁ፣ ያለ ስኳር፤ ባለ ሻይ ቤቷ የታመምኩ መስሏት አዘነችልኝ። ቀበቶዬ በምስማር ከበሳሁት ቀዳዳ ወደ ፋብሪካው ቀዳዳ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ጉንጬን ብዳብስ ይቆረቁራል፤ የተላጨሁት በዋዜማው ነው። መስታወት ፊት ቆሜ እንደ አሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ጢሜን እያሻሸሁ ሳቅሁ። ሌላውም ነገር በየተራው መጣ፤ ሳይነገር የመጣ ባቡር ጣቢያውን ባዶ ሆኖ እንዳገኘው ነው። በዓመቱ ተለካሁ። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ፤ በጣም ጥሩ» አለች ሐኪሟ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የማሳየው ሰው የለኝም።

ምክሬን እዚህ ልጨርስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ምክር የለበትም። ድካምህ፣ ጢምህ፣ ፍላጎትህ ሲቀንስ ለሐኪም ዋናውን ተናገር። የሁሉም ሰው ምክንያት እንደኔ አይደለም፤ በሌላ በሽታም ይመጣል፣ መርምረው ይንገሩህ። የመንገድ መርፌ አትወጋ። ተኛ፣ ሂድ፣ ስኳሩን ቀንስ። ከሐኪሙ በፊት ግን ለሚስትህ ንገራት፤ አልጋህን አንድ ስንዝር ከማንቀሳቀስህ በፊት።

ወረቀቱን ኪሴ ይዤ ሌላ ዓመት ከቆየሁ በኋላ ድሬዳዋ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሙሉ በእህቷ ቤት በረንዳ ላይ ምስር ትለቅማለች። ስታየኝ አልተነሳችም። እህቷ ወንበር ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ገባች።

«ከሳህ» አለች።

«ታምሜ ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳት፣ እንደ ዳጉ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። የሐኪሟን ወረቀት አወጣሁና ሰፌዱ ላይ አስቀመጥኩላት። አነበበችው። ቆይታ «ገነትስ?» አለች።

«ገነት የለችም። መኪና ላይ የተጻፈ ስም ነው። በመስኮት ያየሁት ነው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«የለችም?»

«ኖራም አታውቅ።»

«እኔኮ ጠልቻታለሁ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ሰው መጥላት ኃጢአት ነውና ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ እያመመኝ ሰገድኩ። ከዚያ እሷን ይቅር ለማለት ሱባዔ ያዝኩ። ስሟን እየጠራሁ ነበር የምጸልይላት፤ ልጅ ከወለደችለትም ጤና ይስጣት እያልኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር አልኳት፤ ቀለለኝ። አሁን መጥተህ የለችም ትለኛለህ። ይቅርታዬን ከማን መልሼ ልቀበል?»

«እኔን ይቅር በይኝ።»

«አንተን እንዴት እንደምል አላውቅም። አንተን ለመተው ነው የሰገድኩት።» ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። «ታምሜአለሁ ብትለኝ ኖሮ፣ ሰውዬ፣ ስኳርህን ደብቄ፣ ምስርህን ሠርቼ፣ እጅህን ይዤ ሎግያ እሄድ ነበር። ዓሊ የሠራውን ሥራ ነዋ። ያ የኔ ሥራ ነበር።»

«አዋሽ ነይ» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ ምስር ለቀመች። ጠጠር አገኘችና ወረወረችው።

«እዚህ ለምጃለሁ» አለች።

ምሳ አበላችኝ፤ ጎመን በምስር፣ ጨው ቀነስ ያለ። ስኳር ያልነካ ሻይ አቀረበችልኝ፣ ሳልጠይቃት። ወደ መናኸሪያ ልሄድ ስነሳ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች፣ እንደ ድሮው ልታሾፍብኝ የፈለገች መሰለኝ፣ ግን ዓይኗ አላሾፈም።

«ዘንድሮ አዋሽ ሙቀቱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ያን ያህል አይደለም» አልኳት። «ያኔም ያን ያህል አልነበረም።»